ለራሱ ማዳበሪያ የሚሠራ ሰብል፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

«ራሱን በራሱ የሚያዳብር ስንዴ መጣ» የሚል ዜና በየጊዜው ብቅ ይላል። ርዕሱ ያው ነው፤ ከሥሩ ያለው ሥራ ግን በየጊዜው ሌላ ነው። አንዱ ስለ ባክቴሪያ ያወራል፣ ሌላው ስለ ተክሉ ሥር፣ ሌላው ስለ ጂን። አንዱ ገበያ ላይ ይሸጣል፣ ሌላው ከቤተ ሙከራ ደጃፍ አልወጣም። ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ማለት የትም አያደርስም።

እዚህ መንገዶቹን ለያይተን እናነጻጽራቸዋለን። ለማሳው ለሚመርጥ ሰው፣ ገበሬ ለሚያማክር ባለሙያ፣ ምርምሩን ልቀላቀል ለሚል ተማሪም ይሆናል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለዛሬ ማሳ የሚበጀው ያረጀው መንገድ ነው፦ ጥራጥሬና ትክክለኛው ባክቴሪያ። ከአዲሶቹ መካከል ለሙከራ የሚበቁ አሉ። ዩሪያን አስጥሎ የሚያስመካ ግን ገና የለም። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ማዳበሪያ» ሲሉ የቱን ማለታቸው ነው?

ተክል ሊሠራው ይችላል የሚባለው ናይትሮጅንን ብቻ ነው። ፎስፈረስና ፖታሲየም ከአየር አይገኙም። አፈሩ ውስጥ ከሌሉ የትኛውም ጂን አይፈጥራቸውም። ቢበዛ ሥሩ አፈር ውስጥ የተደበቀውን ፎስፈረስ አጥብቆ እንዲፈልግ ማገዝ ይቻላል። በ2012 ተለይቶ የታወቀው ፒስቶል1 የሚባል የሩዝ ጂን ለምሳሌ ሥሩ ከልጅነቱ እንዲንሰራፋ ያደርጋል። ያ ግን ያለውን መሰብሰብ እንጂ ማምረት አይደለም። ስለዚህ «ማዳበሪያ አይፈልግም» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ «ናይትሮጅን ማለታችሁ ነው አይደል?» ብላችሁ አስተካክሉት።

አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሁለቱ አተሞች ግን በሦስት እጥፍ ትስስር ስለተጣበቁ ተክል ሊፈታቸው አይችልም። መብረቅን ትተን የሚፈቷቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ፋብሪካ ነው። ፍሪትዝ ሀበር በ1909 በቤተ ሙከራ አሳየው፣ ካርል ቦሽ አሳደገው፣ በ1913 ጀርመን ኦፓው ላይ ማምረት ተጀመረ። ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከመቶ በላይ እጥፍ የአየር ግፊት ይጠይቃል። ሌላው ናይትሮጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ያላቸው አንዳንድ ባክቴሪያዎችና የቅርብ ቢጤዎቻቸው ብቻ ናቸው። ያንኑ ሥራ በተራ የአፈር ሙቀት ይሠሩታል።

ይህ ኢንዛይም ሁለት ክፉ አመል አለበት። አንደኛ፣ ቀለቡ ብዙ ነው። አንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመፍታት ቢያንስ 16 ኤቲፒ ይበላል፤ ኤቲፒ ሕዋስ ጉልበት የሚቆጥርበት ገንዘብ ነው። ሁለተኛ፣ ኦክስጅን ያበላሸዋል፣ ያውም በማይጠገን መልኩ። ከዚህ በታች የምናያቸው መንገዶች ሁሉ የሚለያዩት ለእነዚህ ሁለት አመሎች በሚሰጡት መልስ ነው። ቀለቡን ማን ይሰፍራል? ከኦክስጅንስ ማን ይጠብቀዋል? ይህን ጥያቄ ይዞ የሚያነብ ሰው በርዕስ አይሸወድም።

መለኪያው 100 ኪሎ ይሁን

በወሬ ሳይሆን በኪሎ እናወዳድር። የስንዴ ፍሬ ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማው ናይትሮጅን ነው። ከአንድ ሄክታር 50 ኩንታል ስንዴ ያፈሰ ሰው 100 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ከማሳው አውጥቷል፣ ያውም ገለባው ሳይቆጠር። ያንን የሚተካ ነገር ካልመጣ ዕዳው አፈሩ ላይ ነው።

የስንዴ ተመራማሪው ኖርማን ቦርላግ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህንኑ ቁጥር አንስቶት ነበር። ስንዴ፣ ሩዝ፣ በቆሎና ማሽላ በሥራቸው ባክቴሪያ አማካይነት በሄክታር 100 ኪሎ ናይትሮጅን በነጻ የሚያገኙበትን ቀን ነበር የተመኘው። ምኞቱ አልደረሰም። ቁጥሩ ግን ጥሩ መለኪያ ነው። አንድ ምርት ሲቀርብላችሁ ከ100 ኪሎው ስንቱን እንደሚሸፍን ጠይቁ።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። 100 ኪሎ ናይትሮጅን ማለት ከ2 ኩንታል ትንሽ የሚያልፍ ዩሪያ ማለት ነው። በተግባር ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በአማካይ ከተበተነው ሰብሉ ጋ የሚደርሰው ግማሽ ያህሉ ነውና። ቀሪው ወደ አየር ይተንናል ወይም ከውኃ ጋር ይሰርጋል። ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ይከፋል። ፋብሪካውም በአብዛኛው በተፈጥሮ ጋዝና በድንጋይ ከሰል ነው የሚሠራው። የጋዝ ዋጋ ሲናጋ ማዳበሪያም ይናጋል፤ በ2022 ዓለም በሙሉ አይቶታል።

ቢሆንም ዩሪያን አንናቀው። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ መንገድ በተሠራ ናይትሮጅን ነው። አዲሶቹ የሚወዳደሩት ከዚህ ጋር ነው። ችግሩ ብዙ ቢሆንም ሲበተን የሚያደርገው ይታወቃል።

ጥራጥሬ፦ አርጅቷል፣ ግን ይሠራል

ጥራጥሬ ሁለቱንም አመሎች ከጥንት ጀምሮ አሸንፏቸዋል። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች ያበቅላል፣ ባክቴሪያውን እዚያ ያስገባል፣ ስኳር ይሰፍርለታል። ኦክስጅኑን የሚቆጣጠረው ሌግሄሞግሎቢን በሚባል ፕሮቲን ነው። የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ ስለሆነ ቀለሙም ቀይ ነው። ባክቴሪያው የሚተነፍሰውን ያህል ያገኛል፣ ኢንዛይሙ ግን አይነካም። በምላሹ ተክሉ ናይትሮጅን ይቀበላል። ሄልሪግልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ይህን በ1880ዎቹ አረጋገጡ። በ1888 ኔዘርላንዳዊው ባየሪንክ ባክቴሪያውን ለብቻው ለይቶ አሳደገው።

ስንት ያመርታል? እንደ ሰብሉ ይለያያል። ባቄላ ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ሦስት አራተኛ ያህሉን ከአየር እንደሚያገኝ ይገመታል። አኩሪ አተር ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል። ቦሎቄ ሰነፍ ነው፤ 40 በመቶ አካባቢ ነው የሚገመተው። ለማሳ ስሌት የሚመች ደንብም አለ። ጥራጥሬው ከአፈር በላይ አንድ ቶን ደረቅ አካል ሲያፈራ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ናይትሮጅን ከአየር ይወስዳል። 5 ቶን ያደገ ማሳ የቦርላግን 100 ኪሎ ደረሰበት ማለት ነው። ምንም ዓይነት የጂን ሥራ ሳይገባበት።

ትልቁ ማሳያ ብራዚል ናት። አብዛኛው የአኩሪ አተር ማሳዋ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሳይበተንበት በባክቴሪያ ነው የሚለማው። ለዚህ ዕድሜዋን የሰጠችው፣ ኤምብራፓ የተባለው የብራዚል የግብርና ምርምር ተቋም ተመራማሪ ማሪያንጄላ ሁንግሪያ የ2025ን የዓለም የምግብ ሽልማት ወስዳለች። ለእኔ ይህ ከየትኛውም የቤተ ሙከራ ዜና ይበልጣል። በሚሊዮን ሄክታር የተፈተነ ባዮቴክኖሎጂ ነው፤ አዲስ ስላልሆነ ብቻ ዜና አይሆንም።

ወጥመዶቹ ግን ብዙ ናቸው። ሰዎች «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ተይዘው ነው።

ዘር ላይ ለመቀባት በፓኬት የሚሸጠው ባክቴሪያ ሰብል ይመርጣል። የአኩሪ አተሩ ለሽምብራ አይሆንም፣ የሽምብራው ለቦሎቄ አይሆንም። ፓኬቱ ላይ የሰብሉ ስም ካልተጻፈ አትግዙት። በተለይ አኩሪ አተር ከዚህ በፊት ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ላይ ተስማሚው ባክቴሪያ ላይኖር ይችላል፤ እንዲህ ባለው ቦታ የመቀባቱ ጥቅም ጎልቶ ይታያል። ባቄላ ወይም ምስር ለዘመናት ሲዘራበት በኖረ መሬት ግን አፈሩ የራሱ ባክቴሪያ አለው። አዲሱ ከነባሮቹ ጋር ተፎካክሮ ላያሸንፍ ይችላል።

ፓኬቱ ውስጥ ያለው ሕይወት ያለው ነገር ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ወይም ጊዜው ያለፈበት ሕያው ማዳበሪያ ሬሳ ነው። አንዳንድ የዘር ማከሚያ ፀረ ፈንገሶችም ይጨርሱታል። በጥላ ሥር ተለውሶ በዚያው ቀን መዘራት አለበት።

ከዚያ ደግሞ ዩሪያ አለ። አፈሩ ውስጥ ናይትሮጅን ሲትረፈረፍ ጥራጥሬው «ለምን ቀለብ ልስፈር?» ብሎ እባጮቹን ያከስማቸዋል። ሁለቱንም አብዝቶ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። በሌላ በኩል ፎስፈረስ ከሌለ እባጭ የለም። ፒኤቹ ከ5.5 በታች የወረደ አሲዳማ አፈርም ብዙዎቹን ባክቴሪያዎች ያዳክማል፤ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ኖራ ነው የሚገዛው። ሞሊብዲነም የሚባለው ማዕድንም የኢንዛይሙ እምብርት ውስጥ ስላለ በጥቂቱም ቢሆን ግድ ነው።

እየሠራ መሆኑን ማወቅ ከባድ አይደለም። ሰብሉ ሲያብብ ጥቂት ተክሎችን በአካፋ ከነአፈራቸው አውጡ። መንቀል አይሆንም፤ እባጮቹ ተቆርጠው ይቀራሉ። እባጩን በጥፍር ክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ቀለብ እየበላ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

አንድ ነገር በብዛት ይጋነናል። «ጥራጥሬ አፈሩን ያዳብራል» ይባላል። የተሠራው ናይትሮጅን አብዛኛው ግን ፍሬው ውስጥ ነው ያለው፣ ከፍሬው ጋርም ይወጣል። አኩሪ አተር ፍሬውን አጭዶ ገለባውንም ያነሳ ሰው ለአፈሩ ምንም ላይተርፍለት ይችላል፤ ኪሳራም ሊሆን ይችላል። ለቀጣዩ ስንዴ ወይም በቆሎ ናይትሮጅን ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ቅጠልና ሥሩ እዚያው ይቅር።

ዘር ላይ የሚቀባ ባክቴሪያ፣ ለስንዴና ለበቆሎ

ጥራጥሬ ላልሆኑ ሰብሎች ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ይህ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ብራዚል ውስጥ የሠራችው ተመራማሪ ዮሐና ደበራይነር ዕድሜ ልኳን የሣር ዘሮችን ሥር ስትመረምር ኖራለች። በ1988 ሸንኮራ አገዳ ውስጥ ናይትሮጅን የሚሠራ ባክቴሪያ መገኘቱም የዚያ ፈለግ ውጤት ነው። አዞስፒሪለም የሚባለው ባክቴሪያም ለረጅም ጊዜ በስንዴና በበቆሎ ዘር ላይ ሲቀባ ቆይቷል።

አዲሱ ነገር የጂን አርትኦቱ ነው። ተራ ባክቴሪያ ቆጣቢ ነው። ዙሪያው ናይትሮጅን ካለ ኢንዛይሙን ያጠፋዋል፤ ማሳ ላይ ደግሞ ዩሪያ አለ። ፒቮት ባዮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክሌብሲየላ ቫሪኮላ የተባለውን ባክቴሪያ የማጥፊያ ጂን ቆርጦ አወጣ፣ ማብሪያው ሁልጊዜ እንደበራ እንዲቆይ አደረገ። ከሌላ ፍጡር የመጣ ጂን አልገባበትም። በ2019 ለበቆሎ ገበያ ላይ ወጣ። ኩባንያው በኤከር እስከ 40 ፓውንድ ናይትሮጅን ይተካል ይላል፤ በሄክታር 45 ኪሎ ገደማ ነው። ከ100ው ግማሽ አይሞላም፣ ግን ትንሽ አይደለም።

ማሳው ላይስ? በአሜሪካ ሰሜን ማዕከላዊ ግዛቶች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ገበያ ላይ ያሉ የተለያዩ የዚህ ዓይነት ምርቶችን ሞክረው ውጤቱን በ2023 አሳትመዋል። ከ61 የማሳ ሙከራዎች ምርት ጨምሮ የተገኘው በ2ቱ ብቻ ነበር። ኩባንያዎቹ በበኩላቸው በገበሬዎች ማሳ ላይ ጥሩ ውጤት እንዳዩ ይናገራሉ። ይህን እንዴት እናስታርቀው?

እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀለቡ ነው። እባጭ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ስኳር በቀጥታ ይሰፈርለታል። ሥር ላይ የተለጠፈው ግን ሥሩ ወደ አፈር ከሚያፈሰው ትርፍራፊ ላይ ከሚሊዮን ሌሎች ጋር ተሻምቶ ነው የሚበላው። በዚያ ቀለብ 16 ኤቲፒ የሚበላ ኢንዛይም ማንቀሳቀስ ይከብዳል። የሠራውንም ናይትሮጅን ለራሱ ነው የሚይዘው፤ ተክሉ የሚያገኘው ባክቴሪያው ሲያፈስ ወይም ሲሞት ነው። ሁለተኛው የስሌት ችግር ነው። ብዙ ገበሬ ከሚያስፈልገው በላይ ዩሪያ ይበትናል። ባክቴሪያ ቀብቶ 45 ኪሎ ቢቀንስና ምርቱ ባይወርድ ያመሰግነዋል። ባክቴሪያውን ሳይቀባ ቢቀንስስ ኖሮ? ምናልባት ያኔም አይወርድም ነበር። ይህን የሚፈትን ሰው ጥቂት ነው። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አዞስፒሪለም በበርካታ ቦታዎች ምርት ሲጨምር ታይቷል። ጥቅሙ ግን ባብዛኛው የሚመጣው ባክቴሪያው በሚያመነጨው ሆርሞን ሥሩ ስለሚንሰራፋ ነው እንጂ በናይትሮጅኑ ብዛት አይደለም። ለገበሬው ኩንታሉ ኩንታል ነው፤ ምንጩ አያስጨንቀውም። ዩሪያ ልቀንስ ብሎ ለሚያስብ ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሥሩ የተንሰራፋ ተክል ከአፈር የበለጠ ይወስዳል እንጂ አፈር ላይ አይጨምርም።

ፍርዴ፦ ለመሞከር አያስፈራም፣ ዋጋውም አንድ ወቅት ለመሞከር የሚከብድ አይደለም። በእሱ ተማምኖ ሙሉ ማሳ ላይ ዩሪያ መቀነስ ግን ቁማር ነው። በነገራችን ላይ ገንዘብ ብቻ ችግሩን እንደማይፈታው አይተናል። ባየርና ጊንኮ የተባሉ ኩባንያዎች በ2017 በ100 ሚሊዮን ዶላር ጆይን ባዮ የተባለ ኩባንያ በዚሁ ሥራ ላይ አቋቁመው ነበር። በ2022 ራሱን የቻለ ኩባንያነቱ አከተመና ሥራው ወደ ጊንኮ ተጠቃለለ።

ባክቴሪያውን ራሱ የሚጠራ ሰብል

ይህ መካከለኛው መንገድ ነው፤ እኔም በጣም የምወደው። ተክሉ ናይትሮጅን አይሠራም፣ እባጭም የለውም። ግን ቀለቡን ይጨምርና አፈር ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ወደ ራሱ ይስባል።

ተፈጥሮ ራሷ ሠርታዋለች። ሜክሲኮ ውስጥ ኦአሃካ ግዛት፣ ሲየራ ሚሄ ተራሮች ላይ የሚዘራ አንድ ነባር የበቆሎ ዝርያ አለ። ረጅም ነው፣ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ከአፈር በላይ ከግንዱ ብዙ ሥሮች ያወጣል፤ ከእነሱም ወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ፈሳሹ በስኳር የተሞላ ነው። ወፍራም ስለሆነም ውስጡ ኦክስጅን ይመነምናል። ሁለቱም አመሎች በአንድ ዝልግልግ ተፈቱ! በ2018 የታተመ ጥናት ይህ በቆሎ ከሚጠቀመው ናይትሮጅን ከ29 እስከ 82 በመቶውን ከአየር እንደሚያገኝ አሳይቷል። ባሕሪውን ወደ ዘመናዊ በቆሎ ለማዛወር ሥራው ቀጥሏል። ፈሳሹ እንዲንጠባጠብ ግን እርጥበት ያስፈልጋል፤ ደረቅ አካባቢ ላይ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ጥያቄ ነው።

በሰው እጅ የተሠራውስ? የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ቅርንጫፍ ባልደረባ ኤድዋርዶ ብሉምዋልድና ጓደኞቹ በ2022 ክሪስፐር በሚባለው የጂን ማረሚያ ዘዴ ሩዝን አርመው አፒጄኒን የሚባል ውሕድ አብዝቶ እንዲያመነጭ አደረጉት። ውሕዱ ወደ አፈር ሲፈስ ባክቴሪያዎቹ ተሰባስበው ልጋግ መሰል ሽፋን ይሠራሉ። ኦክስጅን ሽፋኑን እንደልብ አያልፍም፣ ኢንዛይሙም ይሠራል። በ2025 ያንኑ በስንዴ አሳዩ። ናይትሮጅን ባነሰበት አፈር የታረመው ስንዴ ካልታረመው የተሻለ ምርት ሰጠ። የባዕድ ጂን አልገባበትም፤ የራሱ ጂኖች ናቸው የተስተካከሉት። እዚህ ጥሩ የሚባለው ነገር አዲስ ባክቴሪያ ከፋብሪካ አለመግዛት ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ይበቃል። እርግጥ ከሌለ ማንም አይመጣም።

ከዚህ ጎን አንድ ሌላ ስንዴ ላንሳ፤ ናይትሮጅን አይሠራም፣ የተበተነው እንዳይባክን ነው የሚያደርገው። ሌይመስ ራሴሞሰስ የሚባል የዱር ሣር ሥሩ የሚያወጣው ነገር ከዩሪያ የወጣውን ናይትሮጅን በቀላሉ ታጥቦ ወደሚሄድ ናይትሬት የሚቀይሩትን ተሕዋስያን ያቀዘቅዛል። ጂርካስ የተባለው የጃፓን የግብርና ምርምር ማዕከልና ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች የዚህን ሣር የክሮሞሶም ቁራጭ በማዳቀል ወደ ስንዴ አስገብተው ውጤቱን በ2021 አሳትመዋል። ዩሪያ ለሚበትን ሰው የሚባክነውን መቀነስና አዲስ መሥራት በኪሱ ላይ አንድ ነው። የጂን ምህንድስና ስለሌለበት ደግሞ ከሕግ ጋር ግብግብ የለውም። ይህኛው ከሌሎቹ ቀድሞ ማሳ ቢደርስ አይገርመኝም።

እባጭ ያለው ገብስ

«ጥራጥሬ የሚያደርገውን ገብስም ቢያደርግስ?» ጥያቄው ያረጀ ነው፤ በ1917 ቡሪልና ሃንሰን የተባሉ የኢሊኖይ ተመራማሪዎች በዚሁ ጥያቄ ላይ ጥናት አሳትመዋል። ዛሬ ተስፋ የሚሰጠው አንድ ነገር አለ። አብዛኞቹ የየብስ ተክሎች፣ ስንዴና ሩዝም ጭምር፣ ከሥር ፈንገሶች ጋር ይወዳጃሉ። ለዚያ ወዳጅነት የሚጠቀሙበት የምልክት መስመር ጥራጥሬ ለባክቴሪያው ከሚጠቀምበት ጋር በብዛት አንድ ነው። ገመዱ ተዘርግቷል፤ የጎደለው ጫፎቹ ናቸው።

በካምብሪጅ ጃይልስ ኦልድሮይድ ሲመራው የቆየውና ከ2012 ጀምሮ በጌትስ ፋውንዴሽን ሲደገፍ የቆየው ኤንሳ ፕሮጀክት በዚህ ላይ ነው የሚሠራው። በ2025 የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሥር ላይ ያለ ተቀባይ ፕሮቲን ባክቴሪያን እንደ ጠላት ወይም እንደ ወዳጅ እንዲያይ የሚያደርጉትን ሁለት አሚኖ አሲዶች ለዩ። የገብስ ተቀባይም በዚያ መንገድ ሊለወጥ እንደሚችል አሳዩ። ኦክስፎርድና አጋሮቹ በበኩላቸው ገብስ ሪዞፒን የተባለ ምልክት እንዲያመነጭና ባክቴሪያው ለዚያ ገብስ ብቻ ኢንዛይሙን እንዲያበራ አድርገዋል። ይህ ብልህ ነው፤ ቀለቡን የሚሰፍረው ሰብል ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ አረሙ አይደለም።

ከምልክት እስከሚሠራ እባጭ ግን ሩቅ ነው። እባጩ መብቀል አለበት፣ ባክቴሪያው መግባት አለበት፣ ኦክስጅኑ መመጠን አለበት፣ ስኳሩ መድረስ አለበት። እነዚህን ሁሉ አሟልቶ ናይትሮጅን የሚያመርት የስንዴ ወይም የገብስ እባጭ እስካሁን የለም። ተፈጥሮም ማስጠንቀቂያ አላት። በ2018 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ብዙ የጥራጥሬ ዘመዶች እባጭ ነበራቸው፣ በዝግመተ ለውጥ ግን ጥለውታል። ቀለቡ ከጥቅሙ የበለጠባቸው ይመስላል።

ጂኑን እዚያው ተክሉ ውስጥ

ሰው ሁሉ «ራሱን የሚያዳብር ሰብል» ሲባል የሚያስበው ይህንን ነው፤ ባክቴሪያ የለም፣ ተክሉ ራሱ ናይትሮጂኔዝ ይሠራል። በ1972 ዲክሰንና ፖስትጌት ጂኖቹን ከአንድ ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ወደተባለ ሌላ ባክቴሪያ አዛውረው ሲሠሩ ስላዩ ተክል ቀጣዩ ይመስል ነበር። ከ50 ዓመት በላይ አለፈ።

ችግሩ ኢንዛይሙ የአንድ ጂን ሥራ አለመሆኑ ነው። ብዙ ጂኖች በተመጠነ ልክ አብረው መሥራት አለባቸው። ብረትና ሞሊብዲነም የያዘው እምብርቱ ራሱ ተገጣጥሞ የሚሠራ ነው። ሁሉም ደግሞ ኦክስጅን በማይደርስበት ቦታ። ተመራማሪዎቹ ማይቶኮንድሪያ የሚባለውን የሕዋስ ክፍል መርጠዋል፤ ኤቲፒ የሚሠራው እዚያ ነው፣ ኦክስጅኑንም እየበላ ይጨርሰዋል። የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲሲሮ በ2017 ለኢንዛይሙ የሚያስፈልጉ 16 ፕሮቲኖችን በትምባሆ ዘመድ ተክል ማይቶኮንድሪያ ውስጥ በየተራ ማስገባት ችሏል። ማድሪድ ያለው የሉዊስ ሩቢዮ ቡድን የኢንዛይሙን አንድ ክፍል እርሾ ውስጥ ሕያው አድርጎታል። የቻይናና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ2018 14 ጂኖችን ወደ 5 ረጃጅም ጂኖች ጨፍልቀው በባክቴሪያ ውስጥ ሠርተውላቸዋል። ቁርጥራጮቹ እየተሟሉ ነው። በራሱ ናይትሮጂኔዝ የሚያድግ ተክል ግን የለም።

በ2024 አንድ ደስ የሚል ነገር ተሰማ። አንድ የባሕር አልጌ ውስጥ ናይትሮጅን የሚሠራ የሕዋስ አካል ተገኘ፤ ናይትሮፕላስት ተባለ። ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የገባ ባክቴሪያ ነበር፣ አሁን የሕዋሱ አካል ሆኗል። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ክርክር አብቅቷል። የቀረው «መቼ?» ነው። ለግብርና ዕቅድ ግን የጊዜ ገደብ የሌለው ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

ማን የቱን ይምረጥ?

ለሚመጣው ወቅት የምታቅዱ ከሆነ ምርጫው አጭር ነው። ጥራጥሬ በፈረቃ አስገቡ፣ በትክክለኛው ባክቴሪያ ቀቡ፣ ፎስፈረሱንና የአፈሩን አሲድ አስተካክሉ። በቆሎና ስንዴ ላይ ዩሪያውን በሁለት ጊዜ ከፍሎ በሰዓቱ መስጠት ዛሬ ከየትኛውም የተቀባ ባክቴሪያ ይልቅ የተረጋገጠ ቁጠባ ነው።

አማካሪ ወይም የማኅበር ኃላፊ ከሆናችሁ መካከለኛውን መንገድ ተከታተሉ። በተለይ የታረሙ ስንዴዎች ሲመጡ ጥያቄው የሕግ ይሆናል። አርጀንቲና ከ2015 ጀምሮ የባዕድ ጂን የሌለበትን የታረመ ሰብል እንደ ተራ ዝርያ ልታየው የምትችልበት አሠራር አላት። አንዳንድ ሌሎች አገሮች እንደ ልውጠ ሕያው ይቆጥሩታል። ከዘሩ በፊት የባለቤትነቱን ውል አንብቡ። ዘሩን ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀረት ይፈቀዳል? ፈቃዱ የማን ነው? የሲየራ ሚሄው በቆሎ ጉዳይም ባሕሪው የሚገኝበት ማኅበረሰብ ከጥቅሙ እንዲካፈል ስምምነት የተፈረመበት ነው። በቂ ነው ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

ተማሪ ከሆናችሁ፣ እባጩና ጂኑ ላይ ሥራ ሞልቷል። ተመርቃችሁ በሦስት ዓመት ማሳ ላይ ውጤት ማየት ከፈለጋችሁ ግን የአፈር ባክቴሪያና የሥር ኬሚስትሪ ላይ ሂዱ።

ራሳችሁ ስትፈትኑ

የተቀባ ባክቴሪያ ለመሞከር ማሳውን በሦስት ቁራጭ ክፈሉት። አንዱ ሙሉ ዩሪያ ያለ ባክቴሪያ። ሁለተኛው የተቀነሰ ዩሪያ ከባክቴሪያ ጋር። ሦስተኛው የተቀነሰ ዩሪያ ያለ ባክቴሪያ። ሁሉም ሰው የሚዘለው ሦስተኛውን ነው፤ እውነቱ ግን ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እኩል ካመረቱ ባክቴሪያው ምንም አልሠራም፣ እናንተም ድሮውንም ዩሪያ ታበዙ ነበር ማለት ነው። ይህን ማወቅም ገንዘብ ነው። ሦስቱን ቁራጮች ማሳው ላይ ቢያንስ በሦስት ቦታ ደግሙ፤ አንዱ ቁራጭ ለም ጥግ ላይ ወድቆ እንዳያታልላችሁ። ምርቱን በዓይን ሳይሆን በሚዛን ለኩ። አንድ ወቅት አይበቃም።

ለጥራጥሬም ያልተቀባ ቁራጭ ተዉ። ያልተቀባውን ቀድማችሁ ዝሩት። የተቀባውን ቀድማችሁ ከዘራችሁ ባክቴሪያው በእጃችሁና በመዝሪያው ተይዞ ወደ ሌላው ቁራጭ ይሻገራል፣ ማነጻጸሪያውም ይበላሻል።